ሰባት ጊዜ ደህና የተባለው እግር

ጎሚስታው አመመኝ ሲል የሰማው ሰው የለም። ከነዳጅ ማደያው ጎን ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ ሲለጥፍ አውራ ጣቱ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ያውቃል፤ ጎማ አጠገቡ ፈንድቶ ጆሮው ሁለት ቀን ደንቁሮ ያውቃል። በሁለቱም ጊዜ «እንዴት ነህ?» ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» በደነቆረበት ሰሞንማ የሰው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ባየ ቁጥር ያንኑ ስለሚመልስ፣ ዋጋ የጠየቁት ደንበኞች ሁሉ ምስጋና ይዘው ተመልሰዋል።

ታላቅ እህቱ ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት። ሠላሳ ዓመት የሌሎች ሰዎችን ስህተት በሦስት ኮፒ ስትተይብ ስለኖረች ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። «አንተ ልጅ፣ ሲገንዙህም ደህና ነኝ ትላለህ» ትለዋለች። ልጅ የተባለው ሰውዬ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው።

የጎሚስታው መልስ ግን ሞኝነት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም ደረጃ በደረጃ ሊታይ የሚገባው ነው። በደንብ ያደገ ሰው እንዴት ነህ ሲባል መጀመሪያ ያመሰግናል። ቀጥሎ የጠያቂውን ደህንነት፣ የልጆቹን ደህንነት ይጠይቃል። በሦስተኛ ደረጃ ስለ ዝናቡ ወይም ስለ ፀሐዩ አንድ ነገር ይላል። ጉዳዩን፣ ማለትም ቤቱ መቃጠሉን ወይም ጎማው መተንፈሱን የሚያነሳው በአራተኛ ደረጃ ነው። ጎሚስታው ይህን ቅደም ተከተል ዘልሎ አያውቅም። ይህ ልብ ይባል፤ እግሩ የተበላሸው በአንደኛውና በአራተኛው ደረጃ መካከል ነውና።

አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ከነብረት ቸርኬው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ቆሞ ነበር የሚለው እንግዲህ እስኪወድቅ ድረስ ነው። ሲወድቅ የጎሚስታውን ቀኝ ቅልጥም ከሱቁ መግቢያ ደረጃ ጠርዝ ጋር አጣበቀው። የመኪናው ሾፌር ጎማውን አንስቶ፣ ሰውዬውን ተሸክሞ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠውና በመጨረሻ እንዴት ነህ አለው። የተባለውን መገመት ይቻላል።

ሆስፒታል ራጅ ተነሳ። ተረኛው ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ ደስ አለው። አጥንቱ ከጉልበት በታች ተሰንጥቋል እንጂ ከቦታው አልተናጋም፤ ለማስተማሪያ የሚሆን ንጹሕ ስብራት ነው አለ። በአራት ሰዓት እግሩ ከጭኑ እስከ ጣቶቹ ሥር በጀሶ ተጠቀለለ፤ ጀሶው ዙሪያውን የተዘጋ፣ ክፍተት የሌለው፣ እንደ ሐውልት የሚያምር ነበር። ሐኪሙ ሥራውን መታ መታ አድርጎ አየና ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ።

አሁን በጀሶው ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር እንይ፤ ይህ የታሪኩ አስደናቂ ክፍል ነው። ከጉልበት በታች ያለው እግራችን አንድ ወጥ ሥጋ ይመስለናል። አይደለም፤ ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። በየክፍሉ ጡንቻ፣ የደም ሥርና ነርቭ አብረው ይኖራሉ፤ ግድግዳው ደግሞ የማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ነው። ጎማ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። ውስጥ ያለውን ካላማዳሪ ስትነፋው፣ የውጭኛው ጎማ ስለማይለጠጥ አየሩ መሄጃ ያጣል፤ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል። በተመታ እግር ውስጥ የአየሩን ሥራ የሚሠራው እብጠት ነው። እብጠቱ ክፍሉን ይሞላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ተጨፍልቀው ይዘጋሉ። ጡንቻው በራሱ ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶበት፣ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል። ሐኪሞች ኮምፓርትመንት ሲንድረም ይሉታል። በዚህ ላይ ከውጭ የማይለጠጥ ጀሶ ሲጨመርበት፣ ጎማ ላይ ጎማ ማልበስ ነው።

ደግነቱ ይህ በሽታ ተደብቆ አይመጣም፤ ከበሮ እየመታ ነው የሚመጣው። ሕመሙ ከስብራቱ ጋር የማይመጣጠን ነው፤ ማስታገሻ አይበግረውም። ሌላ ሰው የእግር ጣትህን ቀስ አድርጎ ቢያጥፈው ነፍስህ ልትወጣ ትደርሳለች። ቀጥሎ መደንዘዝ ይመጣል። የመጀመሪያው መድኃኒትም ዋጋው ርካሽ ነው፤ ጀሶውን ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ። ያ ካልበቃ ቀዶ ሐኪም ሽፋኑን ከፍቶ ያስተነፍሰዋል። ጊዜው ግን አይጠብቅም። ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈ የሞተው እንደሞተ ይቀራል።

በክፍሉ ሠላሳ ስምንት አልጋና ሁለት ነርሶች ነበሩ፤ አንደኛዋ መድኃኒት ልታመጣ ሄዳ መድኃኒት ቤቱ ወረፋ ላይ ቀርታለች። የቀረችው ነርስ ክፉ ሰው አልነበረችም። በየሰዓቱ ትዞራለች፣ ቻርቱን ትሞላለች፣ ሁሉንም በአክብሮት ትጠይቃለች። ጥፋቱም ያለው አክብሮቱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ደህና ነሽ? ልጆች ደህና?»

ልጆቹ ደህና መሆናቸው ሲነገር እሷ ሁለተኛው አልጋ ጋ ደርሳለች። ስለ ሙቀቱ ሲናገር ሦስተኛው ጋ ናት። «ግን ይቺ እግሬ...» ሲል የሚሰማው የአምስተኛው አልጋ ሕመምተኛ ብቻ ነው፤ እሱም የራሱ ችግር አለበት። ነርሷ አራተኛውን ደረጃ ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። የሰማችውን አንደኛውን ደረጃ ግን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈረችው፦ ሕመምተኛው ደህና ነኝ ብሏል። በአምስት ሰዓት እንዲህ ተጻፈ። በስድስት፣ በሰባትም ተጻፈ።

በስምንት ሰዓት የአምስተኛው አልጋ አስታማሚ እያየ ዝም ማለት ስላልቻለ ነርሷን ጠርቶ፣ እኚህ ሰውዬ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ትራሱን እየነከሱ ነው ብሎ አመለከተ። እሷም ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል አለችው። እውነቷን ነው፤ ጀሶ ሲደርቅ ለጥቂት ደቂቃ ይሞቃል። ይሄኛው በአራተኛ ሰዓቱ መሞቁ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ማስታገሻ ሰጠችው፤ ሄደች። ጎሚስታው ትራሱን ከአፉ አውጥቶ አመሰገናት፤ ምስጋናውም ተመዘገበ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሰባት ጊዜ ደህና ሆነ።

እህቱ በመጠየቂያው ሰዓት፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ንጹሕ ሸሚዝ ይዛ ደረሰች። ወንድሟ እንደ ወረቀት ነጥቷል። «እትዬ፣ መጣሽ? ደህና ነሽ?» አላት። እግሩ ብርድ እንዳይመታው ብላ አንሶላውን ወደ ታች ስትስብ አውራ ጣቱን ነካችውና ጣቱ ትንሽ ታጠፈ። ዓይኑ ተገለበጠ። እህቱ የቃለ ጉባኤ ሰው ናት፤ መጮህ አታውቅም። ያን ቀን አወቀች። ሰባት ሰዓት ተኩል ሙሉ ያልመጣው ሐኪም በሁለት ደቂቃ ከች አለ።

ጀሶው ሲሰነጠቅ እግሩ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጭ ነበር። በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ቅዶች ተደረጉ፤ አራቱም ክፍሎች ተከፈቱ። ሦስቱ ተረፉ። የፊተኛው ክፍል፣ እግርን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ያለበት፣ አልተረፈም።

ሰውየው በሁለት እግሩ ከሆስፒታል ወጣ፤ ይህ በሆስፒታሉ ሪፖርት ላይ ተጽፏል። የቀኝ እግሩ ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚጎተት መሆኑ አልተጻፈም። ሲራመድ የጫማው አፍንጫ መሬቱን ይፍቃል፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን እንደ ፈረስ ከፍ ማድረግ አለበት። ለሌላ ሰው ይህ አረማመድ ነው፤ ለጎሚስታ ግን እንጀራ ነው። ጎማን ከቸርኬው የሚያላቅቀው ክንድ ይመስለናል። ክንድ ብረቱን ይይዛል እንጂ የደረቀውን ጠርዝ ቀጥቅጦ የሚያስለቅቀው ተረከዝ ነው፤ ተረከዝ እንዲመታ ደግሞ የእግር ጫፍ ቀና ማለት አለበት። በግራው ልርገጥ ሲል በቀኙ መቆም አቃተው። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ አንዱ ደንበኛ ፊት ነው።

ደንበኞቹ ጨዋ ናቸው። መኪናቸውን አቁመው ይወርዳሉ፣ እግዚአብሔር ይማርህ ይሉታል፣ ስለ ዝናቡ ያነሳሉ፣ ከዚያ ጎማውን ከማዶ ላለው ጎሚስታ ይወስዳሉ። ጎማ መፍቻ ማሽን የሚባል አለ፤ ጎማውን በብረት ክንድ ጨምቆ በአንድ ደቂቃ ያላቅቀዋል። ዋጋው ጎሚስታው በሕይወቱ የሚያየው ዓይነት አይደለም። የሱቁ ኪራይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተከፍሏል። እስከዚያ ማሽኑ ካልመጣ ሱቁ ይዘጋል፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

ካሳ የሚለውን ቃል ያመጣችው እህቱ ናት። እሱ አፈረ። ሰዎቹ እኮ እግሬን አልቆረጡትም፣ ደግሞ ነርሷ ልጆች አሏት አለ። እህቱ፣ ነርሷን ማንም አልከሰሳትም፣ ሠላሳ ስምንት አልጋ ለአንድ ሰው የሰጠውን ነው የምንጠይቀው አለችና ክራንቹን እጁ ላይ አድርጋ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ወዳለው ጠበቃ ወሰደችው።

ጠበቃው ወጣት፣ ክራቫቱ አጭር፣ ትዕግሥቱ ረጅም ነበር። የካሳ ጥያቄ ሦስት ነገር ይፈልጋል ብሎ ጣቶቹን ቆጠረ። ሆስፒታሉ ሊጠነቀቅልህ ግዴታ ነበረበት ወይ? ይሄ ቀላል ነው፤ በሩን አልፈህ አልጋ ይዘሃል። አንድ ጠንቃቃ ሐኪም ቤት ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ ቀርቷል ወይ? ይሄ በማህደሩ ይታያል። ሦስተኛውና አስቸጋሪው፣ የእግርህ ጉዳት የመጣው ከዚያ ጉድለት ነው ወይስ ከጎማው? እነሱ ጎማው ነው ይላሉ።

ጎሚስታው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ በራ። ይሄማ ቀዳዳ ፍለጋ ነው አለ። ጎማ ተንፍሶ ሲመጣ ሚስማሩ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ትነፋዋለህ፣ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ታያለህ። ሚስማሩ ሌላ ቦታ፣ አረፋው ሌላ ቦታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጠበቃው በሥራ ዘመኑ እንዲህ ቶሎ የገባው ደንበኛ እንዳላጋጠመው ተናገረ።

አረፋውን ለማየት ማህደሩ ያስፈልጋል። የመዝገብ ክፍሉ በቃል አንሰጥም፣ በማመልከቻ አምጡ አለ። ማመልከቻው ማኅተም ይፈልጋል፤ ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ዓመት ፈቃድ የወጣች ሴት ቦርሳ ውስጥ ነው። ሴትየዋ ስትመለስ ማህደሩ እየተፈለገ ነው ተባለ። በአምስተኛው ሳምንት ተገኘ፤ የሚወላገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ተነጥፎ ነበር። ሆስፒታሉ ቢያንስ አንድ እግር በአግባቡ ደግፏል።

እህቱ ቻርቱን መነጽሯን አጥልቃ እንደ ረቂቅ ደብዳቤ አነበበችው። ሰባት መስመር፣ ሰባት ደህና። ግን ከእያንዳንዱ መስመር በስተቀኝ ሦስት ትናንሽ ሳጥኖች ታትመዋል፤ የጣት ቀለም፣ የጣት ስሜት፣ ጣት ሲታጠፍ የሚሰማ ሕመም። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ጀሶ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በትክክል ያውቅ ነበር። ሳጥኖቹ ሃያ አንድ ናቸው፤ ሃያ አንዱም እንደታተሙ ንጹሕ ሆነው ቀርተዋል።

አንድ ጡረታ የወጡ የአጥንት ሐኪም ነበሩ፤ ጠበቃው ጎሚስታውን ከነማህደሩ እሳቸው ጋ ወሰደው። አዛውንቱ ማህደሩን አገላብጠው፣ ጠባሳውን ዳስሰው፣ አንድ ገጽ አስተያየት ጻፉ። ገና በተመታበት ሰዓት የሚያብጥን እግር ዙሪያውን በተዘጋ ጀሶ ማሸግ አንደኛው ጥፋት ነው። በስምንት ሰዓት ትራስ ለሚነክስ ሰው ማስታገሻ ሰጥቶ ማለፍ ሁለተኛው ነው፤ በዚያ ሰዓት ጀሶው ቢከፈት ጡንቻው ገና በሕይወት ነበር። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እህቱ በቃሏ ይዛታለች፦ «የዚህ በሽታ ምርመራ እንዴት ነህ ብሎ መጠየቅ ሳይሆን ጣት ማጠፍ ነው።»

የሆስፒታሉ ነገረ ፈጅ በሦስት ገጽ መለሰ። አመልካች በሰባት የተለያዩ ጊዜያት፣ ያለማንም አስገዳጅነት፣ በራሱ አንደበት ደህና መሆኑን አረጋግጧል። ሆስፒታሉም የሕመምተኛውን ቃል የማክበር የሥነ ምግባር ግዴታ አለበት። ስለሆነም መዘግየቱ የመጣው አመልካች ሕመሙን በመደበቁ ነው። ጎሚስታው ደብዳቤው ሲነበብለት አንገቱን ደፋ፤ እውነት እኮ ነው፣ ብያለሁ አለ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት የሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሊያየው ቀን ተቆረጠ። እህቱ ወንድሟን ለማሠልጠን ሁለት ሳምንት ነበራት። ትምህርቱ አንድ ነው፤ እንዴት ነህ ሲባል ደህና አለማለት። ጠዋት በሩን ስታንኳኳ እንዴት አደርክ ትለዋለች፤ ደህና ይላል፤ ወጥታ እንደገና ታንኳኳለች። በአራተኛው ቀን መልሱን ወደ «ምንም አይል» አሻሻለ፤ እንደ ትልቅ ድል ተቆጠረ። በስድስተኛው ቀን ጎረቤታቸው በመንገድ ሲያልፉ እንዴት ዋልክ አሉት፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ እግሬ አይነሳም አላቸው። ጎረቤትየው ደንግጠው ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ያላቸውን ሰጥተውት በሌላ መንገድ ሄዱ። ገንዘቡን ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጀ። ጎሚስታው ከዚያ በኋላ ልምምዱን ተወ።

የስብሰባ አዳራሹ ወንበሮች የፋብሪካ ላስቲካቸው አልተነሳላቸውም፤ ሲቀመጡባቸው ያሽካካሉ። በኮሚቴው አባላት ፊት የታሸገ ውኃ ተደርድሯል፤ ለባለጉዳዮች ደግሞ ግድግዳው ላይ «ቅሬታዎ ለእኛ ስጦታ ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ሰብሳቢው የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ናቸው፤ ሆስፒታሉን የሚከሰውን ሰው ጉዳይ ከሆስፒታሉ አለቃ በላይ ማን ያውቀዋል?

ጎሚስታው ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ እንደ ሥርዓቱ አንድ በአንድ እየዞረ ጨበጠ። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ግራ ጉንጫቸው ከልኩ በላይ እንደተነፋ ጎማ ተወጥሮ ዓይናቸውን ጨፍኖታል።

«ዶክተር፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ዳይሬክተሩ፣ በግማሽ አፋቸው።

እህቱ ከኋላ ኮቱን ሳበችው፤ እንዲቀመጥ ነው። እሱ ግን የታመመ ሰው አይቶ ማለፍ አይችልም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጉንጭዎ አብጧል።»

«ጥርስ ነው። ሦስት ቀኔ ነው፣ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።»

«ውይ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ» አለ ጎሚስታው፣ ከልቡ። ምንም ተንኮል አልነበረበትም፤ ተንኮሉ ሁሉ የተወለደው ከእህቱ ጋር ነው። እሷ መነጽሯን አስተካክላ ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ሰው ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ዳይሬክተሩ ደህና ነኝ ብለዋል ብለህ መዝግብልን።»

ነገረ ፈጁ ብድግ አለ። «እትዬ፣ ይሄ ሰላምታ ነው። ሰው ሲጠየቅ የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ነገር የጤና መግለጫ ተደርጎ አይመዘገብም።»

ወንበሮቹ እንኳ አላሽካኩም። ነገረ ፈጁ የተናገረው ዘግይቶ ለራሱ ጆሮ ደረሰና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በቃል ብዛት የሚታወቀው ጠበቃ ያን ቀን ቆጠበ። «እሱንስ መመዝገብ ይቻላል?» ብቻ አለ። ዳይሬክተሩ በጤነኛው ዓይናቸው ነገረ ፈጁን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። የተረፈው ሰዓት የሃያ አንዱ ሳጥን ነበር፤ ጠበቃው በፎርሙ ላይ ጣቱን እያስቀመጠ አንድ በአንድ ቆጠራቸው፣ ማንም አላቋረጠውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለስምምነት ተጠሩ። ሆስፒታሉ ከተጠየቀው ሦስት እጅ ሁለቱን ሊከፍል ተስማምቷል። ማሽኑን ገዝቶ፣ ሥራ ፈትቶ የከረመበትንም ይሸፍናል። ነገረ ፈጁ ወረቀቱን ዘረጋ፣ እስክሪብቶውን ከፈተለት። ጎሚስታው ለፊርማ የቸኮለ ሰው አይደለም፤ ጎማ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ነፍቶ አያውቅም። ጣቱን ከመስመር መስመር እያስኬደ አራተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ። አመልካች በአሁኑ ጊዜ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኝ፣ ደህና መሆኑንም በራሱ አንደበት እንዳረጋገጠ ይገልጻል። ጠበቃው በጆሮው አስረዳው፤ ይህን ከፈረምክ ወደፊት እግርህ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው በሩ ይዘጋል፤ ካልፈረምክ ደግሞ ነገሩ ወደ ኮሚቴው ይመለሳል፣ ምናልባትም ይቀራል። የኪራዩ ዓመት ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ነበር። እህቱ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን አየች።

ጎሚስታው እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ አስቀመጠው።

«ደህና አይደለሁም» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ጠዋት ካልሲ ሳጠልቅ እግሬን በእጄ ነው የማነሳው። ማታ ያቃጥለኛል። እሱን ጻፉና እፈርማለሁ።»

ነገረ ፈጁ ይሄ እኮ የተለመደ ሐረግ ነው፣ ሁሉም ይፈርምበታል አለው። ጎሚስታው አውቃለሁ ብሎ ክራንቹን አነሳ።

አምስት ሳምንት ምንም አልተሰማም። ማዶ ያለው ጎሚስታ የሱን ኮምፕሬሰር ለመግዛት ሁለት ጊዜ ሰው ላከ፤ ሁለተኛው ጊዜ ጎሚስታው ዋጋ ጠራ። እህቱ በየቀኑ ለጠበቃው ትደውላለች፤ ጠበቃው ለሆስፒታሉ ይደውላል፤ ሆስፒታሉ ደብዳቤው ማኅተም ላይ ነው ይላል። በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ ማኅተሙ ከመሳቢያው ወጣ። አዲሱ አራተኛ አንቀጽ፣ የአመልካች የቀኝ እግር ፊተኛ ጡንቻ በሕክምና መዘግየት ምክንያት መጎዳቱን፣ ወደፊት የሚያስፈልገውንም ሕክምና ሆስፒታሉ በነጻ እንደሚሰጥ ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ ለይቅርታ የተለየ ማኅተም ሳያስፈልገው አይቀርም። ጎሚስታው ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመ።

ማሽኑ ኪራዩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣ። ቀይ፣ ከባድ፣ አራት ሰው የተሸከመው። የገጠመው ባለሙያ ሁሉንም አሳየው፤ ይሄ ክንዱ ነው፣ ይሄ መጨመቂያው ነው፣ ይሄ ጎማውን የሚያሽከረክረው ሰሃን ነው፣ ይሄ ደግሞ መርገጫው። መርገጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ለቀኝ እግር ተመቻችተው በቀኝ በኩል ተደርድረዋል። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ መርገጫዎቹን አይተው የጎሚስታውን እግር አዩ። እህቱ ካሳውን ማን ይሆን ያሰላው ብላ ጠየቀች።

ጎሚስታው ማሽኑን ዞረው። እንደ ልማዱ ከላይ እስከ ታች አየው፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየው። ከዚያ ባለሙያውን ብሎኖቹን ፍታልኝና አዙርልኝ፣ ጀርባው ወደ መንገድ ይሁን አለው። በማሽኑና በግድግዳው መካከል ገብቶ፣ ቀኙ እንዳይከዳው ግድግዳውን በጀርባው ተደግፎ፣ በግራ እግሩ መርገጥ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መጨመቂያውን ልክፈት ሲል ሰሃኑን ያሽከረክረዋል፤ ሰሃኑን ላሽከርክር ሲል ክንዱ ይነሳል፤ ሁለት አሮጌ ጎማ ቀደደ። እህቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስህተቱን ስትቆጥር ከረመች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንዲት የቤት መኪና ቆመች። ሾፌሯ ወርዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው፤ ጎማውን ማዶ ልውሰደው ወይስ ትችላለህ አለችው። ጎማውን ተቀብሎ መጨመቂያው ሥር አቆመ፣ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ረገጠ። ጠርዙ ጧ ብሎ ከቸርኬው ለቀቀ።